ያንዱን መርከብ ዕዳ ሌላው የከፈለበት ገበያ

የባሕር ኦተር ቆዳ ንግድ፣ ከኑትካ እስከ ካንቶን

ሻጩ 1,000 ዶላር ጠራ። ገዢው 300 ሰጠ። ሻጩ ጄምስ ኪንግ የተባለ እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል መኮንን ሲሆን ገዢው የካንቶን ከተማ ቻይናዊ ነጋዴ ነው። ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ1779 ዓ.ም. ማብቂያ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በመካከላቸው የተዘረጋው ሸቀጥ ደግሞ 20 ያህል የባሕር ኦተር ቆዳ ነው። ኪንግ ወደ ካንቶን ከመምጣቱ በፊት ሩሲያውያን በካምቻትካ ቆዳውን በስንት እንደሚገዙ አይቷልና 300 ዶላር የዋጋውን ግማሽ እንኳ እንደማይሞላ ያውቃል። ቻይናዊው 500 አለ። ቆየት ብሎ ሻይና ሸክላ ልጨምርልህ አለ። ከዚያ 700 ገባ። ኪንግ 900 ላይ ቆመ። በመጨረሻ ሁለቱም ሲታክታቸው ልዩነቱን እኩል ተካፈሉና ዋጋው በ800 ዶላር እጅ በእጅ ተቆረጠ። ዶላር የተባለው በዚያ ዘመን ከወደብ ወደብ ይዞር የነበረው የስፔን ጠገራ ብር ነው።

ቆዳዎቹ በአብዛኛው የሟቾች ንብረት ነበሩ። የጉዞው መሪ ካፒቴን ጄምስ ኩክ በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ በሃዋይ ተገድሏል። ተተኪው ክላርክም በበሽታ ሞቷል። መርከበኞቹ ግን ሐዘናቸውን የሚያስረሳ ነገር አገኙ። የኦተር ቆዳ ተፈላጊነቱ በታወቀ መጠን ዋጋው በየቀኑ ወጣ። አንዱ ተራ መርከበኛ በእጁ የነበረውን ሁሉ ሸጦ ለብቻው 800 ዶላር አገኘ። ንጹሕና በደንብ የተያዙት ምርጥ ቆዳዎች እያንዳንዳቸው 120 ዶላር አወጡ። አብዛኞቹ በጉዞው ላይ እንደ ብርድ ልብስ ሲጎተቱ የከረሙ፣ የተቀዳደዱና ያደፉ ነበሩ። ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛ የሚሆነውም ካንቶን ሳይደርስ ተበላሽቶ፣ በስጦታ ተሰጥቶ ወይም በካምቻትካ ተሸጦ አልቋል። እንዲያም ሆኖ የሁለቱ መርከቦች ሽያጭ 2,000 ፓውንድ ገደማ ደረሰ። ሠራተኞቹ «ወደ ቆዳው አገር እንመለስ» ብለው ለማመፅ ጥቂት ቀራቸው። ሁለቱ ደግሞ አመፁን እንኳ ሳይጠብቁ የመርከቧን ጀልባ ሰርቀው ሌሊት ጠፉ።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ወከባ የተነሣበት እንስሳ ምንድን ነው? የባሕር ኦተር የሰሜን ፓሲፊክ ዳርቻ ነዋሪ ነው። እንደ ዓሣ ነባሪና እንደ ሌሎቹ የባሕር እንስሳት ከቆዳው ሥር የስብ ሽፋን የለውም። ብርዱን የሚከላከለው በጸጉሩ ብቻ ነው። በአንድ ሴንቲ ሜትር ካሬ ላይ እስከ 150,000 የሚደርስ ጸጉር ይበቅልበታል። የቻይና መኳንንት ለክረምት ካባቸው የፈለጉት ይህንን ነው። ገዢውን ያላሳሰበው፣ ሻጩም ያላነሣው ሌላ ነገር ግን አለ። ሴቷ ኦተር በአንድ ጊዜ የምታሳድገው አንድ ግልገል ብቻ ነው።

«ሣሩም የኛ ነው»

ቆዳዎቹ የተገዙት ከዚያ ሃያ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነው። በማርች 1778 የኩክ ሁለት መርከቦች ዛሬ የካናዳ ግዛት በሆነችው የቫንኩቨር ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ መልሕቅ ጣሉ። የአገሩ ባለቤቶች ሞዋቻት የሚባሉ ሕዝብ ሲሆኑ የበጋ መንደራቸው ዩኳት ይባላል። ኩክ በቅጡ ያልሰማውን ቃል የአገሩ ስም አድርጎ ወሰደውና ቦታው በካርታ ላይ «ኑትካ» ሆኖ ቀረ።

መርከበኞቹ ዶቃና ጨሌ አሳይተው ቆዳ የሚሰበስቡ መስሏቸው ነበር። ዶቃውን ግን የሚፈልገው አላገኙም። ሰዎቹ ብረት ያውቃሉ። አንዱ እንዲያውም ሁለት የብር ማንኪያዎች እንደ ጌጥ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነበር። ማንኪያዎቹ በ1774 በዚያ በኩል ካለፈ የስፔን መርከብ የመጡ ናቸው ተብሎ ይታመናል። የተፈለገው ቢላዋ፣ መሮ፣ ምስማር፣ ከሁሉም በላይ ነሐስ ነው። መርከበኞቹ የልብሳቸውን የነሐስ ቁልፍ በጥሰው ሸጡ። የዕቃ መያዣ ሣጥኖቻቸውን እጀታ ነቅለው ሸጡ። የአልጋቸውን ነሐስ ሳይቀር ሸጡ።

ኩክን ይበልጥ ያስገረመው ግን ሌላ ነው። በመርከብ ላይ ለያዟቸው ፍየሎችና በጎች ሣር ለማሳጨድ ሰው ሲልክ ባለቤቱ መጥቶ ክፈል አለው። ከፈለ። ሌላ ባለቤት መጣ። ለእሱም ከፈለ። እያንዳንዷ ቁራጭ መሬት የየራሷ ጌታ ያላት እስኪመስል ድረስ የኩክ ኪስ ባዶ ሆነ። ውኃውና እንጨቱም እንዲሁ ዋጋ ተጠየቀበት። በዞረበት ዓለም ሁሉ የንብረት መብቱን እንዲህ አጥብቆ የሚጠይቅ ሕዝብ እንዳላየ በማስታወሻው አስፍሯል። ሌላም ነገር ታዝቧል። ከሩቅ በታንኳ የመጡ ሌሎች ሰዎች ቆዳቸውን በቀጥታ ለመርከቡ ለመሸጥ ቢሞክሩ የዩኳት ሰዎች አላስጠጓቸውም። መሸጥ የፈለገ በእነሱ በኩል ነው።

የገበያው በር ማን እጅ እንዳለ ከመጀመሪያው ቀን የታወቀ ነበር ማለት ነው።

ለንደን ተቆለፈ፣ ቦስተን ገባ

የኪንግ ዘገባ በ1784 ታትሞ ሲወጣ ወሬው በነጋዴው ዓለም ተዛመተ። ከኩክ ጋር አብሮ የነበረው አሜሪካዊው ጆን ሌድያርድም ስድስት ፔንስ ያልወጣበት ቆዳ በቻይና 100 ዶላር እንደሚያወጣ ቀደም ብሎ ጽፎ ነበር። መጀመሪያ የደረሰው ጄምስ ሃና ነው። በ1785 ከቻይና ተነሥቶ 60 ቶን በምትሆን ትንሽ መርከብ ኑትካ ገባና 560 ቆዳ ይዞ ተመለሰ። በካንቶን 20,600 ዶላር አወጣለት።

ለእንግሊዛውያን ግን መንገዱ በፈቃድ የታጠረ ነበር። በፓሲፊክ ለመነገድ ከሳውዝ ሲ ኩባንያ፣ በቻይና ለመነገድ ደግሞ ከኢስት ኢንዲያ ኩባንያ ፈቃድ ማውጣት ግድ ይላል። ፈቃዱ ቢገኝም ቆዳውን ሸጦ በገንዘቡ ሻይ ገዝቶ ወደ ለንደን መመለስ ክልክል ነው። የሻይ ንግድ የኩባንያው ብቻ ነውና። አንዳንዶቹ ባንዲራ ቀየሩ፤ በፖርቱጋል ወይም በሌላ አገር ስም ነገዱ። ይህም የተወሰነ ርቀት እንጂ ብዙ አላስኬደም።

የቦስተን ነጋዴዎች ይህ ሁሉ አልነበረባቸውም። አሜሪካ ከእንግሊዝ ነጻ በመውጣቷ የቀድሞ የካሪቢያን ወደቦች ተዘግተውባቸዋል፤ ሻይ ይፈልጋሉ፤ ለሻዩ የሚከፍሉት ጥሬ ብር ግን የላቸውም። ስለዚህ ብረታ ብረትና ጨርቅ ከቦስተን ወደ ኑትካ፣ ቆዳ ከኑትካ ወደ ካንቶን፣ ሻይ ከካንቶን ወደ ቦስተን የሚል ሦስት ማዕዘን ንግድ አሰቡ። «ኮሎምቢያ» የተባለችው መርከብ በ1787 ወጥታ በ1790 ዓለምን ዞራ ተመለሰች። የመጀመሪያ ጉዞዋ ለባለ አክሲዮኖቹ ኪሳራ ነበር። ሻዩም በከፊል ተበላሽቷል። ነገር ግን መንገዱ ተገኝቷል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ንግዱን የያዙት በብዛት አሜሪካውያን ሆኑ። የዳርቻው ሕዝብም እንግሊዞቹን «የንጉሥ ጆርጅ ሰዎች»፣ አሜሪካውያኑን ከየትም ይምጡ ከየት «ቦስተኖች» ይላቸው ጀመር።

መሮ፣ የአንገት ብረትና ነጭ ቆዳ

በ1789 የሮበርት ግሬይ መርከብ ከኑትካ በስተሰሜን በሚገኙት የሃይዳ ደሴቶች 200 ቆዳ በ200 መሮ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ገዛ። አንድ ቆዳ በአንድ መሮ! ይህን የሰማ ሁሉ መርከቡን መሮ ሞላ። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። የመጀመሪያው መርከብ ያገኘው ዋጋ ለሁለተኛው አይጠብቅም። መሮ የሌለው ሰው ለአንድ መሮ ብዙ ይከፍላል፤ ሦስት መሮ ያለው ግን አራተኛውን ያያል እንጂ አይገዛም።

ጆሴፍ ኢንግራም የደረሰበት ዕጣ ይህን ገበያ ከማንም በላይ ያሳያል። በ1791 «ሆፕ» በተባለች መርከብ የሃይዳን ደሴቶች ሲያዳርስ ይዞት የመጣው ሸቀጥ አልሄድ አለው። አንድ ቀን አንዲት ሴት የተጠማዘዘ የብረት ቀለበት በአንገቷ አድርጋ አየ። ወዲያው የመርከቡን ቀጥቃጭ ጠርቶ ያንኑ አስመስሎ እንዲሠራ አዘዘው። ለአንገት የሚከብድ ብረት ነው፤ ግን ፋሽን ሆነ። አንድ የአንገት ብረት ሦስት ቆዳ አወጣ። ኢንግራም በ49 ቀን 1,400 ቆዳ ሰበሰበ። በማግሥቱ ዓመት ያንኑ ሸቀጥ ይዞ ሲመለስ የሚጠይቀው ጠፋ። ፋሽኑ አልፎበታል። በመሐሉም ቆዳውን ይዞ ማካው ሲደርስ ቻይና ከሩሲያ ጋር በነበራት ጠብ ምክንያት የቆዳ ገቢ ንግድ ታግዶ ጠበቀው። በግዢ የተዋጣለት ሰው በሽያጭ ከሰረ።

የዊልያም ስተርጊስ ታሪክ ከዚህ ይሻላል። ስተርጊስ በአሥራ ስድስት ዓመቱ መርከብ ላይ የወጣ፣ የአገሬውን ቋንቋ የተማረ፣ ሰዎቹ የሚሉትን የሚሰማ ነጋዴ ነበር። የሰሜኑ ባላባቶች ኧርሚን የምትባለውን፣ ክረምት ሲገባ ጸጉሯ ነጭ የሚሆነውን ትንሽ አውሬ ቆዳ እንደ ትልቅ ክብር እንደሚያዩት ልብ አለ። በ1804 ገደማ በጀርመን የላይፕሲግ ገበያ አንዱን ከ30 ሳንቲም ባነሰ ዋጋ 5,000 የኧርሚን ቆዳ አስገዛ። አምስቱን በአንድ የኦተር ቆዳ ለወጠ። በአንድ ረፋድ 560 ምርጥ የኦተር ቆዳ ገባለት፤ አንዱ ቆዳ በካንቶን 50 ዶላር ያወጣ ነበር። ሌሎቹም ይህን ሰምተው ኧርሚን በገፍ ሲያመጡ በሁለት ዓመት ውስጥ ዋጋው ወደቀ፤ ነጩ ቆዳ ተራ ዕቃ ሆነ። ስተርጊስ ግን ያን ጊዜ ሸጦ ጨርሷል።

በየመርከቡ መዝገብ ተደጋግሞ የሚነበብ ነገር አለ። ሻጮቹ አይቸኩሉም። አንዳንድ ጊዜ ታንኳቸውን አስጠግተው ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ ውለው ምንም ሳይሸጡ ይሄዳሉ። ሌላ መርከብ አጠገብ ቆሞ ከሆነ እሱን ያሳዩታል። ከዋጋው ላይ ምርቃት ይጠይቃሉ፤ ያለ ምርቃት ሽያጭ የለም። በሃይዳና በትሊንጊት ዘንድ ደግሞ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት ሴቶች ናቸው። ባል ተደራድሮ የጨረሰውን ሚስት አይታ «ተሞኝተሃል» ካለች ውሉ ይፈርሳል። ባልየውም በሰው ፊት ይሰደባል። ከቦስተን የመጡት ካፒቴኖች በዚህ ሲማረሩ ማንበብ ያዝናናል።

ነጋዴዎቹ ከአገሬው ለአገሬውም ይሸጡ ነበር። በኮሎምቢያ ወንዝ አካባቢ ከአጋዘን ቆዳ የተሠራ ጥሩር ገዝተው በሰሜን ለሃይዳዎች በኦተር ቆዳ ይለውጡታል። ወፍራሙ ቆዳ ፍላጻ ይመልሳል።

ደላላው ባላባት

የዩኳት ባላባት ማኩዊና ይባላል። ስሙ ከአባት ወደ ወራሽ የሚተላለፍ የማዕረግ ስም ነው። መርከቦቹ በብዛት ሲመጡ የማኩዊና አገር ኦተር ቶሎ እየሳሳ ሄደ። ገበያው ግን አልሳሳም፤ ምክንያቱም ማኩዊና የሌላውን አገር ቆዳ ይሸጥ ነበር። ሰዎቹ ደሴቲቱን አቋርጠው በእግር መንገድ በስተምሥራቅ ወዳሉት ሕዝቦች ይሻገራሉ፤ ብረትና መዳብ ሰጥተው ቆዳ ይዘው ይመለሳሉ። ያ ቆዳ ዩኳት ሲደርስ ዋጋው እጥፍ ነው። የምሥራቁ ሻጭ መርከብ አያይም፤ መርከበኛው የምሥራቁን ሻጭ አያይም። ደላላው ሁለቱን ለያይቶ በመካከል ይኖራል።

በ1788 ጆን ሚርስ የተባለ እንግሊዛዊ ቻይናውያን ሠራተኞች ይዞ መጥቶ በዩኳት ቤት ሠራ። ቦታውን በሁለት ሽጉጥ ከማኩዊና ገዛሁት አለ። ማኩዊና በኋላ ለስፔኖች ሲናገር አልሸጥኩም ብሏል። በ1789 የስፔኑ መኮንን ማርቲኔዝ መጥቶ ምድሩ የስፔን ንጉሥ ነው በማለት የእንግሊዞቹን መርከቦች ያዘ። የማኩዊና ዘመድ የነበረው ባላባት ካሊኩም በታንኳ ቀርቦ «ሌባ!» ብሎ ጮኸበት። በጥይት ተመትቶ ወደቀ። ማኩዊናም አገሩን ለቆ ወደ ደቡብ ጎረቤቱ ሸሸ።

ስፔንና እንግሊዝ በዚህ ሰበብ ጦር ሊማዘዙ ደርሰው በ1790 ተፈራረሙ። በ1793 ስፔን ለእንግሊዛውያኑ ባለንብረቶች 210,000 ዶላር ካሣ ለመክፈል ተስማማች። ውሉ የሁለት ነገሥታት ውል ስለሆነ የካሊኩም ስም የለበትም፤ ለማኩዊናም የተቆረጠ ነገር የለም። ያም ሆኖ በ1792 የስፔኑ ቦዴጋ ኢ ኳድራና የእንግሊዙ ቫንኩቨር ሲደራደሩ ሁለቱም ወደ ማኩዊና ቤት ሄደው ግብዣውን በልተዋል። ማኩዊናም በኳድራ ገበታ ላይ በሹካና በቢላዋ ይበላ ነበር። ስፔኖቹ በ1795 ለቀው ሲሄዱ ሰዎቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰው መንደራቸውን እንደገና ሠሩ።

ዋጋ ያልነበረበት ንግድ

ከኑትካ በስተሰሜን ምዕራብ በአሌውሺያን ደሴቶች የነበረው ነገር ከዚህ ይለያል። የቤሪንግ ጉዞ ሰዎች በ1742 ከመርከብ ስብራት ተርፈው የኦተር ቆዳ ይዘው ወደ ካምቻትካ ከተመለሱ በኋላ የሳይቤሪያ ቆዳ ፈላጊዎች በጎርፍ ወጡ። እነሱ ከመግዛት ይልቅ መያዣ ይወስዱ ነበር። የባላባቱን ልጅ ወይም የመንደሩን ሴቶች ይይዙና ወንዶቹን ለአደን ያሰማራሉ። የባሕር ኦተርን በታንኳ ሆኖ በጦር መምታት የአሌውቶች እንጂ የሩሲያውያን ጥበብ አይደለም። ቆዳው «ግብር» ነው፤ ስለዚህ ዋጋ የለውም። በ1763 አሌውቶች ተነሥተው አራት መርከቦችን አጠፉ፤ በኋላ የመጣው ቅጣት ደሴቶቹን ባዶ አደረገ። ሩሲያውያኑ ወደ ትሊንጊቶች አገር ሲደርሱ ግን ጠመንጃ ያለው ሕዝብ ገጠማቸው። ትሊንጊቶች ጠመንጃውን የገዙት ከቦስተኖች ነው። በ1802 የሲትካን ምሽግ አቃጠሉ፤ ሩሲያውያኑ ቦታውን መልሰው የያዙት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ሒሳቡ

በዩኳት ያለው ንግድ በፈቃድ ነበር ሲባል ሰላም ነበር ማለት አይደለም። አንድ መርከብ በአንድ ወደብ የሚቆየው ቀናት ወይም ሳምንታት ነው። ብዙዎቹ ካፒቴኖች ዳግም አይመለሱም። ደንበኛ የማያፈራ ነጋዴ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ሃና በ1785 አንድ ሰው መሮ ሰረቀ ብሎ በታንኳዎች ላይ ተኩሶ ከሃያ በላይ ሰው እንደገደለ በኋላ ተነግሯል። ማኩዊና ራሱ ለስፔኖች እንደነገራቸው ደግሞ ክብር ተሰጥቶት በመርከቡ ላይ ከተቀመጠበት ወንበር ሥር ለቀልድ ያህል ባሩድ ተለኩሶበታል። ሌላ ካፒቴን ወንዶቹ በሌሉበት ወደ መንደሩ ገብቶ አርባ ምርጥ ቆዳ ዘርፎ ሄዷል።

በሌሎቹም ወደቦች እንዲሁ ነው። በ1789 ጆን ኬንድሪክ የታጠበ ልብስ ተሰረቀብኝ ብሎ የሃይዳውን ባላባት ኮያን በመድፍ መንኮራኩር አሰረው፤ ጸጉሩን ቆረጠው፤ ቆዳውን ሁሉ በራሱ ዋጋ አስሸጠው። በሕዝቡ ዘንድ ኮያ ከዚያ ወዲያ እንደ ባላባት አልታየም። በ1791 ኬንድሪክ ሲመለስ ኮያ መርከቡ ላይ ወጣበት። ውጊያው አርባ ያህል የሃይዳ ሰው ፈጀ፤ የኮያ ሚስትና ልጆችም ከሞቱት መካከል ነበሩ። በ1792 ደግሞ ግሬይ አደጋ ሊጣልብኝ ነው የሚል ወሬ ሰምቶ ከክላዮኳት ሲወጣ ኦፒትሳት የተባለውን፣ ነዋሪዎቹ የለቀቁትን 200 ቤት ያህል ያለውን መንደር አቃጠለ። ትእዛዙን የፈጸመው ወጣቱ መኮንን ጆን ቦይት፣ በተቀረጸ ምሰሶ ያጌጠው መንደር በመጥፋቱ ማዘኑን በማስታወሻው ጽፏል።

የተበደለው ወገን ሒሳቡን የሚይዘው በካፒቴን ስም አልነበረም። ነጭ ሁሉ አንድ ጎሳ ነው፤ ካፒቴን ሲሄድ ካፒቴን ይመጣል፤ ዕዳው ይቆያል።

በማርች 1803 «ቦስተን» የተባለች መርከብ ኑትካ ገባች። ካፒቴኗ ጆን ሳልተር ለማኩዊና ባለ ሁለት አፈሙዝ የወፍ ጠመንጃ ሸለመው። ማኩዊና አሥራ ስምንት ዳክዬ ገድሎ በስጦታ አመጣ፤ ጠመንጃው ግን ምላጩ ተሰብሮበት ነበርና «መጥፎ ነው» ብሎ መለሰው። ሳልተር የናቀው መሰለውና ሰደበው። ውሸታም አለው። ማኩዊና እንግሊዝኛ አይሰማም ብሎ አስቦ ይሆናል። ማኩዊና ግን ከሃያ ዓመት በላይ ከመርከበኛ ጋር በኖረ ወደብ የሚኖር ሰው ነው፤ ስድቡን ቃል በቃል ሰምቷል። ምንም አልመለሰም። እጁን ጉሮሮው ላይ አድርጎ ደረቱን ያሻሽ ነበር። ልቤ ወደ ጉሮሮዬ ወጥቶ እያነቀኝ ነበር ሲል በኋላ ተናግሯል።

ማርች 22 ቀን ሰዎቹ እየጨፈሩ መርከቧ ላይ ወጡ። ከ27ቱ 25ቱ ተገደሉ። የተረፉት ጠመንጃ ጠጋኙ ጆን ጁዊትና ሸራ ሰፊው ቶምፕሰን ናቸው። ጁዊት የተረፈው በሙያው ነው፤ የተሰበረ ጠመንጃ የሚጠግን ሰው ማኩዊና ይፈልጋልና። የመርከቧን ጭነት በተመለከተ ማኩዊና ያደረገውን አንድ የቦስተን ነጋዴ እብደት ይለው ነበር። ጎረቤት ባላባቶችን ሁሉ ጠርቶ በታላቅ ድግስ አደለው። 100 ጠመንጃ፣ 100 መስተዋት፣ 400 ያርድ ጨርቅና 20 በርሜል ባሩድ በአንድ ድግስ እንደሰጠ ጁዊት ቆጥሯል። በዚያ አገር ባላባት የሚከበረው ባከማቸው ሳይሆን በሰጠው ነው፤ የተቀበለውም ባለዕዳ ይሆናል።

ጁዊት ሃያ ስምንት ወር ቆየ። በጁላይ 1805 «ሊዲያ» የተባለች መርከብ ስትመጣ ማኩዊና መርከብ ላይ ለመውጣት ፈራ። ለካፒቴኑ መልካም ሰው መሆኔን የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፍልኝ አለው። ጁዊት ጻፈ፤ የጻፈው ግን «ያዙት» ብሎ ነው። ማኩዊና ደብዳቤውን በእጁ ይዞ ወጣና በብረት ታሰረ፤ በሁለቱ ምርኮኞችና በመርከቧ ንብረት ተለወጠ። ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው ንግዱ እዚያ ላይ አበቃ ይል ይሆናል። «ሊዲያ» ከወራት በኋላ እንደገና ኑትካ ስትደርስ ማኩዊና ቆዳ ይዞ መጣ፤ ሸጠም።

የክላዮኳት ሒሳብ ደግሞ በ1811 ተነሣ። የኒውዮርኩ ባለሀብት ጆን ጃኮብ አስተር የላካት «ቶንኩዊን» እዚያው ግሬይ ባቃጠለው መንደር አካባቢ ቆመች። ካፒቴን ጆናታን ቶርን የባሕር ኃይል ሰው እንጂ ነጋዴ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ባላባት በዋጋ ሲከራከረው የያዘውን ቆዳ ነጥቆ ፊቱ ላይ አሸበት። በማግሥቱ ወይም በሣልስቱ ሰዎቹ ለመሸጥ መጥተው መርከቧን ያዙ። መርከበኞቹ ካለቁ በኋላም የባሩድ ክፍሉ ፈንድቶ መርከቧን ከነወጡባት ሰዎች አወደማት። ወሬውን ለመንገር የተረፈው አገሬው አስተርጓሚ ብቻ ነው።

ገበያው ሲዘጋ

ዋጋው በካንቶን የወረደው ቆዳ ስለበዛ፣ በዳርቻው የወጣው ደግሞ ኦተር ስላነሰ ነው። በሁለቱ መካከል የነበረው ትርፍ እየጠበበ ሄዶ መርከቦቹ ወደ ሰንደል እንጨትና ወደ ምድር እንስሳት ቆዳ ዞሩ። መርከቦቹ ካመጡት ነገር ሁሉ ብዙ የቆየው በሽታ ነው፤ ፈንጣጣ በየተራ እየመጣ መንደር ጨረሰ። ሩሲያ፣ አሜሪካ፣ ጃፓንና እንግሊዝ በ1911 በሰሜን ፓሲፊክ የሱፍ ቆዳ ያላቸውን የባሕር እንስሳት ለመጠበቅ ሲፈራረሙ በመላው ፓሲፊክ የቀረው ኦተር ከ2,000 አይበልጥም ነበር። በካናዳ ዳርቻ የመጨረሻው የታወቀ ኦተር በ1929 በጥይት ተመታ።

ከ1969 እስከ 1972 ባለው ጊዜ 89 ኦተሮች ከአላስካ መጥተው በቫንኩቨር ደሴት ዳርቻ ተለቀቁ። ዛሬ በሺህ ይቆጠራሉ። ለኑ-ቻ-ኑልት ሕዝቦች (ሞዋቻቶች ከእነሱ አንዱ ናቸው) ይህ ቀላል ደስታ አልሆነም። ኦተር የባሕር ጃርትና ክላም የተባለውን ባለ ዛጎል ምግብ ይበላል፤ እነሱም ለመብልና ለገበያ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ለዓመታት ኦተር ባልነበረበት ባሕር የበዛው ክላም አሁን ተካፋይ መጥቶበታል።

የኑ-ቻ-ኑልት አምስት ሕዝቦች በባሕራቸው ዓሣ አጥምዶ የመሸጥ መብታችን ይከበር ብለው የካናዳን መንግሥት ከሰው በ2009 የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መብት እንዳላቸው ፈረደላቸው። ከሳሾቹ ማስረዳት የነበረባቸው አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊትም ዓሣ ይነግዱ እንደነበር ነው። በችሎቱ ከተመረመሩት ማስረጃዎች መካከል የእነዚያ የቀድሞ መርከበኞች ማስታወሻዎች ይገኙበታል፤ ማን ምን ይዞ ወደ መርከቡ እንደቀረበና ምን ተቀብሎ እንደሄደ የተጻፈባቸው።